አንደኛ ደረጃ ፕላስቲክ

የቤቴን ጉዳይ ወደ ውጭ የምዘረግፍ ሴት አይደለሁም። ሰው በሬን ሲያንኳኳ እንኳ መጋረጃዬን የምገልጠው ማን እንደሆነ በድምፁ ከለየሁ በኋላ ነው። ይህን የምጽፈው ወድጄ ሳይሆን ወሬው ቀድሞኝ ስለወጣ ነው። ሰፈራችን ውስጥ «ጠላ ልትጠምቅ ብላ መርካቶን ልታቃጥል ነበር» እየተባለ የሚወራው ውሸት ነው። መርካቶ አልተቃጠለችም። የተቃጠለ ቤት የለም፣ የተቃጠለ አጥርም የለም። የተጨማደደ አንድ ዕቃ ነበር፤ እሱም የራሴ ነው። ስለዚህ ከእኔ ስሙ፤ ከበላይነሽ የሰማችሁትን እርሱት።

በላይነሽን የማታውቋት ካላችሁ ዕድለኞች ናችሁ። ግቢያችን ውስጥ በሯ ከበሬ ፊት ለፊት ነው። ጠዋት በሬን ስከፍት መጀመሪያ የማየው ፀሐይን ሳይሆን እሷን ነው። አንድ ላይ ማኅበር እንጠጣለን፣ ከአንድ ቧንቧ እንቀዳለን። ልጇን ስትድር የጠላ ጋኔን ተዋሰችኝ። ያ ጋን ከእናቴ የመጣ፣ ሆዱ ሰፊ፣ አንገቱ ጠበብ ያለ፣ ጠላ ሲገባበት የሚዘፍን የሚመስል ጋን ነበር። ከሰርጉ በኋላ ኩሊ በጆንያ አዝሎ አመጣው። ጋን በጆንያ! በጆንያ የመጣ ጋን ጋን አይደለም፤ ገል ነው።

«ቀድሞም ስንጥቅ ነበረበት» አለችኝ፣ ዓይኗን ሳታሽ።

«ስንጥቅ ቢኖርበትማ የልጅሽን ሰርግ ጠላ ምን ውስጥ አስቀምጠሽ አጠጣሽ?» አልኳት።

ለካሳ ብላ አንድ አረንጓዴ ሳፋ ሰጠችኝ። ሳፋውን ተቀበልኩ፤ ስንጥቁን ግን አልተቀበልኩም። ከዚያ ወዲህም እንነጋገራለን፤ «እንዴት አደርሽ» እንባባላለን። የእኔ «እንዴት አደርሽ» ውስጥ ግን ጋኑ አለ። እሷም ታውቀዋለች።

የማርያም ማኅበራችን ጽዋ በየተራ ይዞራል። ተራው የደረሳት ሴት ዳቦ ትደፋለች፣ ወጥ ትሠራለች፣ ግን የምትመዘነው በጠላዋ ነው። መዛኟም እማሆይ ወለተ ሚካኤል ናቸው። እማሆይ አንድ ጊዜ ጎንጨት ብለው «ቅጂልኝ» ካሉ፣ እስከሚቀጥለው ተራሽ ድረስ ቀና ብለሽ ትሄጃለሽ። ዝም ካሉ ደግሞ አለቀልሽ። ጋኔ ከተሰበረ በኋላ ተራዬ ደርሶ፣ ከአንድ ዘመድ በተዋስኩት ጀሪካን ጠላ አቀረብኩ። ጀሪካኑ ቀድሞ ናፍጣ ይያዝበት ኖሯል። አጥቤው ነበር፤ በኦሞ፣ በአሸዋ፣ በሎሚ አጥቤው ነበር። ፕላስቲክ ግን አንዴ የጠጣውን ሽታ የሚረሳ ፍጥረት አይደለም፤ በዚህስ እኔን ይመስላል። እማሆይ ጎንጨት አሉ፣ ዋንጫውን ቀስ ብለው አስቀመጡ፣ «ውሃ ይኖርሻል ልጄ?» አሉ።

ውሃ! ማኅበር ላይ! በላይነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ ስታደርግ አይቻታለሁ። ለጸሎት አልነበረም።

እንግዲህ ዘንድሮ ተራዬ እንደገና ሲደርስ የሚያሳስበኝ አንድ ነገር ብቻ እንደነበር ይገባችኋል፤ እማሆይን «ቅጂልኝ» ማሰኘት። ጋን ለመግዛት አስቤ ነበር፤ ግን አሁን አሁን የሚመጣው ጋን ገና ከመኪና ሲወርድ አንገቱን ያጣል። ማኅበርተኛውም ሁሉ ወደ ፕላስቲክ ገብቷል። እሺ፣ እኔም እገባለሁ፤ ስገባ ግን እንደ ማንም አልገባም አልኩ። ጥንስሴን በማሰሮ ጥዬ ከበሬ አጠገብ አስቀመጥኩና ዕቃ ፍለጋ ወጣሁ።

ከአንዋር መስጊድ ወረድ ብሎ የፕላስቲክ ዕቃ የሚሸጥበት መደዳ አለ። ሳፋው፣ ባልዲው፣ ጀሪካኑ ከወለል እስከ ጣሪያ ተደርድሮ ባለሱቁ ከመሃል አንገቱን ብቻ ያወጣል።

«ይግቡ እናቴ! ምን ጎደለ?»

«ምንም አልጎደለም። የጠላ ዕቃ ልይ ብዬ ነው» አልኩት። ነጋዴ ፊት ጎደለኝ አይባልም።

ሰማያዊ በርሜል አወረደልኝ። «ይሄ በሬ ቢቆምበት አይሰበርም። ክዳኑ ደግሞ ይሄው፣ እንዲህ ሲጠመዘዝ አየር አያስገባም። ሽታ የለው፣ ምን የለው፣ ገና ከፋብሪካ ነው የወጣው።»

እኔ ዕቃ ስገዛ መጀመሪያ የማየው ቂጡን ነው። ሰውንም ገልብጦ ማየት ቢቻል ብዙ ችግር ይቀር ነበር። በርሜሉን ገለበጥኩት። ከሥሩ ሦስት ቀስቶች እየተሳደዱ ሦስት ማዕዘን ሠርተዋል፤ መሃላቸው ላይ ቁጥር አለ።

«ሁለት ይላል» አልኩት።

«አዎ፣ ሁለት ነው።»

«ሁለተኛ ደረጃ ማለት ነው?»

እዚህ ላይ ባለሱቁ ተሳሳተ፤ ዝም አለ። መርካቶ ውስጥ ነጋዴ ዝም ካለ አንድ ነገር ደብቋል ማለት ነው።

«ስማ» አልኩት፣ «እኔ ሁለተኛ ደረጃ ይዤ ሰው ፊት የምቀርብ እመስልሃለሁ? አንደኛውን አምጣ!»

«እናቴ፣ ቁጥሩ እኮ...»

«አንደኛውን!»

ምስኪን፣ ሱቁን መገልበጥ ጀመረ። ጀሪካኑን ገለበጠ፤ ሁለት። ባልዲውን ገለበጠ፤ አምስት። ትልቁን ሳፋ ገለበጠ፤ አምስት። በዚህ መሃል አንዲት ሴት ከእሱ የገዛችውን ሳፋ ራሷ ላይ ደፍታ ልትወጣ ስትል ሰማችንና ተመለሰች።

«አምስተኛ ደረጃ ነው እንዴ የሸጥክልኝ?»

«ኧረ እህቴ ደረጃ አይደለም!»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! የፋብሪካ ነው!»

«እኔ ነኝ ያነቃኋት» አልኩ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ። ሌላም ሴት ገባች፣ ሌላም። ሁሉም እየገለበጠ ቁጥር ያነባል። መነጽር ያላት ለሌላት ታነብላታለች። ባለሱቁ ላብ በላብ ሆኖ ከጓዳው አንድ ትልቅ ጠርሙስ ይዞ ወጣ፤ ያ ቢሮ ውስጥ የውሃ ማሽን ላይ ገልብጠው የሚሰኩት ዓይነት። እንደ ብርጭቆ የጠራ፣ ሆዱ ክብ፣ አንገቱ ደግሞ ልክ እንደ ጋን ጠበብ ያለ። ገለበጥኩት። አንድ!

እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ባለሱቁም ወዲያው ነፍስ ዘራ። «እርስዎ እኮ ዕቃ ያውቃሉ እናቴ! ይሄን የሚጠይቅ ሰው አጥቼ ነው ጓዳ የደበቅኩት» አለ። ከአፉ ሲወጣ ውሸት እንደሆነ አውቄያለሁ። ግን ስለ እኔ የተነገረ ጥሩ ውሸት ነበርና አለፍኩት።

ጠርሙሴን ታቅፌ ወደ ቤት ስመለስ የመንገዱ ቱቦ አፍ ላይ የተከመሩትን የውሃ ፕላስቲኮች አየኋቸው። አንዱን በጫማዬ ገልበጥ አደረግኩት፤ አንድ ይላል። ሌላውንም፤ አንድ። አንደኛ ደረጃ ዕቃ ቱቦ ውስጥ! የዚህ አገር ሰው የያዘውን አያውቅም ብዬ አዘንኩ።

ቤቴ ገብቼ ያለኝን ሁሉ ገለበጥኩ። የዘይቱ ጀሪካን ሁለት፤ ይሁን፣ መካከለኛ ኑሮ ነው። ከሁሉም በኋላ ያንን አረንጓዴ ሳፋ፣ የጋኔን ካሳ፣ ገለበጥኩት። አምስት! ተመልከቱልኝ፤ ለእናቴ ጋን አምስተኛ ደረጃ ሳፋ! ስንት ጊዜ ልብሴን እንዳጠብኩበት ሳስበው ገላዬን ያሳክከኝ ጀመር። ሳፋውን በር ላይ፣ በላይነሽ እንድታየው፣ ቁጥሩን ወደ እሷ አዙሬ ደፋሁት። ምንም አልገባትም። «ጥሩ ሳፋ ነው፣ አይደል?» ብላኝ አለፈች።

ጠላ የሚገባበት ዕቃ በወይራ ጭስ ይታጠናል። ይህ የሚያከራክር ነገር አይደለም። ፍሙ ይደረጋል፣ የወይራው ፍላጭ ይጨመራል፣ ጋኑ በላዩ ይደፋል፣ ጭሱን እስኪጠግብ ይተዋል። እናቴ እንዲህ አደረገች፣ እኔም እንዲህ አደረግኩ። ዕቃው ጋን ሳይሆን ጠርሙስ መሆኑን ረስቼው አይደለም። አንደኛ ደረጃ የሆነ ነገር ይህን ታህል እሳት ያቅተዋል ብዬ ስላላሰብኩ ነው።

ግቢው መሃል ሦስት ድንጋይ ጎልቼ ደፋሁት። መጀመሪያ እንዴት ያምር ነበር መሰላችሁ! ጋን ውስጡን አያሳይም። ይሄ ግን ጭሱ ሲገባ፣ ሲዞር፣ ሲጠመዘዝ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። በላይነሽ በመስኮቷ እያየች እንደሆነ ስለማውቅ ነጠላዬን አስተካክዬ ቆምኩ። ከዚያ የጠርሙሱ ትከሻ ዝቅ አለ። ዓይኔ ነው አልኩ። ከዚያ ወገቡ ወደ ውስጥ ገባ። ከዚያ አንድ ጎኑ ተጨመተረ፣ ያ እንደ ብርጭቆ የጠራው ገላው እንደ ወተት ነጣ፣ አንገቱ ተጣሞ ፍሙ ላይ ተንበረከከ። ቁመቱ ጉልበቴ ይደርስ የነበረ ዕቃ ዓይኔ እያየ ትንሽ ዱባ አከለ። ፍሙ ውስጥ ያረፈው አፉ ደግሞ ጥቁር ጭስ ይለቅ ጀመር፤ የወይራ ያልሆነ ጭስ።

ሽታውን ማን ቀድሞ እንደሰማው አላውቅም። «እሳት!» የሚል ድምፅ ግን ወጣ። መርካቶ ውስጥ ይህ ቃል በቀልድ አይነገርም። ሌላ ሰፈር «እሳት» ሲባል ሰው ወደ እሳቱ ይሮጣል፤ እኛ ሰፈር ወደ ዕቃው ነው የሚሮጠው። የግቢያችን ሰው በአንዴ ወጣ። ፍራሽ ወጣ፣ ቴሌቪዥን ወጣ፣ ቡፌ ከነብርጭቆው ወጣ። ጥግ ላይ ያለው ጎረቤታችን ቁም ሣጥኑን ብቻውን አዝሎ ወጣ፤ ሌላ ቀን አራት ሰው ነው የሚያንቀሳቅሰው። አማቱን ግን ረስቷቸው ኖሮ፣ ከውስጥ «እኔስ?» ሲሉ ነው ትዝ ያሉት። በር ላይ ኩሊዎች ደረሱ፤ «እናት፣ ዕቃው ወዴት ነው የሚሄደው?» ይላሉ።

በላይነሽ በአንድ እግሯ ነጠላ ጫማ፣ በሌላው ባዶ፣ እየጮኸች መጣች። እጇ የደረሰበትን ማሰሮ አነሳች። እኔ «ተይ!» ማለት የጀመርኩ ይመስለኛል። አልሰማችኝም። ማሰሮውን እስከ ጭላጩ ፍሙ ላይ ደፋችው። እሳቱም ጠፋ፣ ጥንስሴም ጠፋ።

«ጥንስሴን!» አልኩ።

«ውሃ መስሎኝ!»

«ጌሾ የሚሸት ውሃ የት አይተሻል?»

«ሰው ሊቃጠል ነው ብዬ ስሮጥ ላሽት ነበር እንዴ?»

ከዚያ ጭሱ ገለል አለና ሁሉም ያንን ነገር አየው። ነጭ፣ የተጨማደደ፣ የጌሾ ቅጠል የተለጠፈበት። ጋቢ የለበሰ አንድ ሰውዬ ዞር ዞር ብሎ አየውና «ምንድን ነው እሱ?» ሲል ጠየቀ።

«አንደኛ ደረጃ ነው» አልኩ።

መጀመሪያ የሳቀችው በላይነሽ ናት፤ ይህ እንዲመዘገብልኝ እፈልጋለሁ። ቀጥሎ ግቢው በሙሉ ሳቀ፤ ቁም ሣጥን ያዘለው ሳይቀር፣ ሳያወርደው። እኔም ትንሽ ልስቅ አምሮኝ ነበር፤ ግን በላይነሽ ፊት ጥርሴን ማሳየት ስላልፈለግኩ ቤቴ ገብቼ መጋረጃዬን ጣልኩ። ማኅበሩ ደርሷል። ጥንስስ የለኝ፣ ዕቃ የለኝ። እማሆይ እንደገና «ውሃ ይኖርሻል?» ሲሉ ታየኝ።

ትንሽ ቆይቶ ከመጋረጃው ወዲያ ድምፅ ተሰማ። «ስሚ፣ አንቺ ሴት።»

«የለሁም።»

«ውጪ እንጂ። ይቺን ጉድሽን የሚቀበል ምን አለሽ ተራ ነው። ዕቃም እዚያ ይጠፋል ብለሽ ነው? ጥንስሱን አብረን እንጥለዋለን፣ ከእኔ ቤት ያደረ አተላ ስላለ ቶሎ ይነሳል። ጥፋቱ የኔም ነው።»

«የኔም» ነው ያለችው እንግዲህ፤ «የኔ» አላለችም። ግን ቀኑ እየሄደ ስለነበር ወጣሁ።

ምን አለሽ ተራን ለማያውቅ ሰው፣ ሰው የጣለው ሁሉ ሌላ ነገር ሆኖ የሚነሳበት ቦታ ነው። በርሜሉ ምድጃ ይሆናል፣ ጎማው ገመድ ይሆናል፣ መዶሻው ከጠዋት ጀምሮ አያርፍም። ፕላስቲክ የምትገዛው ሴትዮ ወርቅ ጥርስ አላት። ሁለት ስልክ ይዛ ጀሪካን ክምር ላይ ዙፋን ላይ እንደተቀመጠች ሆና ሰው ታዛለች። ጠርሙሴን ስታይ ሁለቱንም ስልኮች አስቀመጠች።

«ይሄን ማን ቀቀለው?»

«ታጥኖ ነው» አለች በላይነሽ፣ እኔ አፌን ሳልከፍት።

«አንድ ቁጥርን አጠናችሁት?» ሴትዮዋ በሳቅ ወደቀች። «እናቴ፣ አንድ ቁጥር እኮ ሙቀት አይወድም! ትኩስ ሻይ ቢገባበት እንኳ ይኮማተራል። ቀዝቃዛ ውሃ እንዲይዝ ነው የተፈጠረው።»

«አንደኛ ደረጃ አይደለም እንዴ?» አልኳት።

«የምን ደረጃ? የዘሩ ምልክት ነው እንጂ! ዘር ከዘር ከተደባለቀ አብሮ አይቀልጥም፣ ቢቀልጥም አይያያዝም። ለዚህ ነው ለይተን የምንሸጠው። አንድ ቁጥሩ ተፈጭቶ ክር ይሆናል፣ ብርድ ልብስ ይሠሩበታል። ሁለት ቁጥሩ፣ ይሄ ጀሪካኑ በርሜሉ፣ ጠንካራ ነው፤ እንደገና ቀልጦ ባልዲም ቧንቧም ይሆናል። አምስቱ ደግሞ ከሁሉም ይልቅ ሙቀት ይችላል፤ የፈላ ውሃ ብትደፊበት ምንም አይለውም።»

«አምስቱ?» አለች በላይነሽ። ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። «ያ የኔ ሳፋ ስንት ቁጥር ነበር?»

«አላየሁትም።»

«በር ላይ ደፍተሽው ቁጥሩን ለኔ ስታሳይኝ ነበር እኮ። አምስት! አምስት ነበር!» እዚያው ክምሩ መሃል እስክስታ መታች። የዕድሜዋን ነገር አታውቅም።

እኔ ወሬ ለማስቀየር አንድ የሚያብለጨልጭ የብስኩት መጠቅለያ አነሳሁ። «ይሄስ ስንት ነው?» አልኩ።

«እሱን ጣይው» አለች ባለወርቅ ጥርሷ። «ላስቲክና አልሙኒየም አንድ ላይ ተጣብቆ ነው። አይላቀቅ፣ አይቀልጥ፣ ማንም አይገዛው።»

«እንደኔና እንዳንቺ» አለችኝ በላይነሽ።

እዚህ ላይ ሳቅ አመለጠኝ። ከመዶሻው ድምፅ የተነሳ ማንም አልሰማውም ብዬ አምናለሁ።

ሴትዮዋ ስትመክረኝ፣ ያገለገለ በርሜል አትግዢ አለች፤ ምን ይያዝበት እንደነበር አይታወቅም፣ ሽታው ደግሞ አይለቅም። ይህን ለእኔ መንገር አያስፈልግም ነበር። ስለዚህ ያ ሰማያዊው፣ ያ የናቅኩት ሁለት ቁጥር፣ ነው የሚያዋጣኝ። ግን ጭሱስ? ያልታጠነ ጠላ ለእማሆይ አላቀርብም። ሁለት ቁጥርም ቢሆን ፍም ላይ ሲደፋ ይቀልጣል አለችኝ። እንዲህ ስጨነቅ ዓይኔ አጠገባችን ያለ ቆርቆሮ ሠሪ ጋ ሄደ። ከዘይት ጣሳ የሠራው ምድጃ አለ፣ ጭስ ማውጫም አለው። ጭስ ረጅም መንገድ ከሄደ ይበርዳል፤ ይህን ለማወቅ ወጥ ቤት ያረጀ ሰው መሆን ይበቃል።

«ጋሼ፣ ይሄን ቧንቧ ማስረዘም ይቻላል?» አልኩት ሠሪውን። ጋሽ ከድር ይባላል።

«እስከ የት?»

«እስከ በርሜል።»

ጋሽ ከድር መዶሻውን አስቀመጠ። «እትዬ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ጭስ ከቤት የሚያስወጣ ምድጃ ነው የሠራሁት። ጭስ አስገባልኝ ያለኝ ሰው እስከ ዛሬ የለም።»

«እንግዲህ ዛሬ መጣ።»

ጎረቤት ሠሪዎች ተሰበሰቡ። አንዱ ቧንቧው ቀጥ ይበል ይላል፣ አንዱ መታጠፊያ ያስፈልገዋል ይላል፣ አንዱ ጭሱ ወደ ኋላ ይመለሳል ብሎ ይምላል። በላይነሽ መሃል ገብታ ሁሉንም ታዛለች። ሥራው ሲያልቅ ምድጃው ኩምቢው የረዘመ ዝሆን መሰለ። ቧንቧውን በላይነሽ ትከሻዋ ላይ አድርጋ፣ እኔ ምድጃውን ታቅፌ ስንሄድ፣ በዱባይ ተራ ስናልፍ የጫማ ነጋዴዎቹ «እትዬ፣ መድፉ ወዴት ነው?» ይሏታል። «ወደ ማኅበር!» ትላለች፣ ደረቷን ነፍታ። ባለሱቁ ጋ ስንደርስ ደግሞ ከሩቅ አይቶኝ ሊደበቅ ሲል ያዝኩት። «ሁለት ቁጥሩን አምጣ» ስለው «ኧረ እናቴ፣ ሁለተኛ ደረጃ ለእርስዎ?» አለኝ። እግዜር ይይለት።

አዲሱን ጥንስስ ጥለን፣ ተነስቶ፣ በርሜሉ የሚታጠንበት ቀን ሲደርስ ግቢው በሙሉ ለማየት ወጣ፤ አንዳንዱ ለማንኛውም ብሎ ቴሌቪዥኑን አስቀድሞ አውጥቷል። ምድጃው አንድ ጥግ፣ በርሜሉ ሌላ ጥግ። በላይነሽ የቧንቧውን ጫፍ በርሜሉ አፍ ላይ ይዛ ተቀመጠች። ማራገቢያው እኔ እጅ ላይ ነበር። ቧንቧው መጋጠሚያው ላይ ትንሽ ክፍተት ነበረው፤ ክፍተቱም በላይነሽ ፊት ትይዩ ነበር። ይህን ያደረገው ጋሽ ከድር ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። እኔ ያደረግኩት ከሚያስፈልገው ትንሽ በዛ አድርጌ ማራገብ ብቻ ነው።

«አንቺ ሴት! ልታፍኝኝ ነው?»

«ወይራ ለጉሮሮ ጥሩ ነው።»

«ጋኑን ነው አይደል የምትበቀይኝ?»

«የቱን ጋን? ስንጥቅ የነበረበትን?»

«ነበረበት አልኩሽ እኮ!» አለችና ሳል አቋረጣት። እኔም አራገብኩ። እሷ ትስቃለች፣ ታስላለች፣ ቧንቧውን ግን አልለቀቀችም። በርሜሉን በእጄ ነካሁት፤ ቀዝቃዛ ነው። አፍንጫዬን አስጠጋሁ፤ የእናቴ ጓዳ ሸተተኝ። በላይነሽ ዓይኗ ቀልቶ፣ ፊቷ ጥላሸት ለብሶ «ገባ?» አለችኝ።

«ገባ» አልኳት።

የማኅበሩ ዕለት ቤቴ ሞላ። ጠላውን ከመጋረጃ ጀርባ በማንቆርቆሪያ እየቀዳሁ አቀረብኩ። እማሆይ ዋንጫውን ተቀበሉ፣ አማተቡ፣ ጎንጨት አሉ። ዝም። እኔ የቤቱን ጣሪያ እያየሁ ሳለ ሁለተኛ ጎንጨት አሉ። ከዚያ ዋንጫውን ገልብጠው ጨረሱና ዘረጉልኝ።

«ቅጂልኝ» አሉ።

ቤቱ ተነፈሰ። ቀዳሁላቸው። እማሆይም ቀጠሉ። «ይሄ ነው የጋን ጠላ! ከነዚያ ከላስቲክ ጠላዎች ገላገልሽን። ጋን ከየት አገኘሽ ልጄ?»

አፌን ከመክፈቴ በፊት በላይነሽ ከጥግ «የድሮው ጋኗ ነው እማሆይ! የእናቷ! ደህና ነው እኮ፣ ምን ሆኖ!» አለች።

ተንኮሏን አያችሁልኝ? እኔን ያመሰገነች መስላ ጋኑን ከሞት አስነሳችው። ጋኑ ካለ ማንም አልሰበረውም። ማኅበርተኛው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ፤ «ታዲያ ተሰበረ ስትዪን የኖርሽው ምንድን ነው?» በሚል ዓይን አዩኝ። ዝም ብል የማኅበሩ አንደኛ ጠላ ጠማቂ ሆኜ እከርማለሁ። ዝም ብል ደግሞ ጋኔ ለዘላለም ሳይሰበር ይኖራል። ሁለቱን ክብር ባንድ ላይ መያዝ አይቻልም ነበር። በላይነሽ ዓይኗን ጨፍና ትጠጣለች። በጣም ተመችቷታል።

መጋረጃውን ገለጥኩት። ሰማያዊውን በርሜል እያንከባለልኩ ቤቱ መሃል አመጣሁት።

«ጋኔ ይሄ ነው እማሆይ» አልኩ። «ቁጥሩ ሁለት ነው።»

እማሆይ በመቋሚያቸው ጎኑን አንኳኩት። ከዚያ ዋንጫቸውን አዩ፣ በርሜሉን አዩ፣ እኔን አዩ። «ላስቲክ ነው?»

«ላስቲክ ነው።»

«ታዲያ ያኛው የት ሄደ?»

ወደ በላይነሽ ብቻ ዞርኩ። እማሆይም ዞሩ። ሴቶቹ በሙሉ ዞሩ። በላይነሽ ዋንጫዋን አስቀመጠች።

«ከእጄ አመለጠ» አለች። «ስናወርደው ከደረጃው ላይ አመለጠኝ። ስንጥቅ አልነበረበትም።»

ያን ሁሉ ዘመን የጠበቅኩት ቃል ነው። ሲመጣ እጄ ላይ ያለው ማንቆርቆሪያ እንጂ ሌላ የምይዘው ነገር አልነበረኝም። ስለዚህ ሄጄ ዋንጫዋን እስከ አፉ ሞላሁላት። «በይ ጠጪ» አልኳት። እማሆይ «እኔም ገና አልጠገብኩም» አሉ፣ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ስለ ላስቲኩ ማንም ሌላ ነገር አልተናገረም፤ ቧንቧው የት እንደተሠራ የጠየቁኝ ግን ብዙ ነበሩ።

ጽዋውን ከእኔ የተረከበችው በላይነሽ ናት፤ ተራው የእሷ ነበር። ሰው ሊበተን ሲል ተጠግታ በርሜሉን ከነቧንቧው አውሺኝ አለችኝ።

አልከለከልኳትም። ግን ከመውሰዷ በፊት፣ ማኅበርተኛው በር ላይ እንደቆመ፣ በርሜሉን ዙሪያውን አስዞርኳት። ክዳኑን አስከፈትኳት። ገልብጬ ከሥሩ ድረስ አሳየኋት።

«ስንጥቅ የለበትም» አለች፣ ጮክ ብላ።

«ድገሚው» አልኳት።

ደገመችው። ከዚያ አሸከምኳት።